ታላቁ ልጅ ማን ነው?

በአገራችን የምሽት ጨዋታ ውስጥ እንቆቅልሽ የቆየ ቦታ አለው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ሁለቱም ያውቃሉ። ጠያቂው ነገሩን ይሸፍናል፤ ተጠያቂው ሽፋኑን ለመግለጥ ይሞክራል። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባልና አንድ አገር ሰጥቶ ይገላገላል። የተሰጠው አገር ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ በማግስቱ ሁሉም እንደ ቀድሞው ይገኛል። የቅኔም ነገር እንዲሁ ነው። ባለቅኔው በሰሙ ሥር ወርቁን ሲሸሽግ፣ ሰሚው ወርቅ መኖሩን ዐውቆ ይፈልጋል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በአማርኛ አንድን ቃል በሁለት መንገድ እንዲፈታ አድርጎ መናገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ከአነጋገር ጥበብ የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ የሚያምረው ተናጋሪውና ሰሚው በጨዋታው ሕግ አስቀድመው ሲስማሙ ነው። አንድ መልስ ብቻ ትክክል ነው ተብሎ የሒሳብ ወይም የአመክንዮ ጥያቄ በሚቀርብበት ጊዜ ስምምነቱ ሌላ ይሆናል። ጠያቂው የሚፈልገውን በግልጽ ሊናገር፣ ተጠያቂውም በተነገረው ብቻ ሊሠራ ተስማምተዋል። በዚህ ስፍራ አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ ቢገኝ የሚጠፋው በቃል የሚሰጥ አገር ሳይሆን የተማሪው ማርክ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የልጆችን ዕድሜ የሚመለከቱ ጥቂት ጥያቄዎችን አቀርብላችኋለሁ። በአስተማሪነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ክርክር ሲያስነሡ ያየኋቸው እነዚህ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕድሜ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለ ሆነ ቃላቱን ሳንመረምር ወደ ቁጥሩ እንሮጣለን።

በብዙ ቋንቋዎች ከሚነገሩት የዕድሜ ጥያቄዎች አንዱን በአማርኛ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

«ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች ከብዙ ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኙ። አንደኛው ‹ስንት ልጆች አሉህ? ዕድሜያቸውስ?› ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ‹ሦስት አሉኝ፤ የዕድሜያቸው ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ 36 ይሆናሉ› አለው። ጠያቂው ‹ይህ አይበቃኝም› አለ። ‹ሲደመሩ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት ቁጥር ጋር እኩል ናቸው› አለው። ጠያቂው የቤቱን ቁጥር አይቶ ጥቂት አሰበና ‹አሁንም አይበቃኝም› አለ። ‹እንግዲያውስ ልጨምርልህ፤ ታላቁ ልጄ ክራር ይመታል› አለው። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ‹አሁን ዐወቅሁት› አለ። የልጆቹ ዕድሜ ስንት ስንት ነው?»

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ ሊመለስ የሚችል አይመስልም። የቤቱ ቁጥር አልተነገረንም፤ ክራር መምታትም ከዕድሜ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይሁን እንጂ በዝግታ እንመርምረው። ተባዝተው 36 የሚሰጡ ሦስት ሦስት ሙሉ ቁጥሮች ስምንት ዐይነት ናቸው። እነርሱም ከነድምራቸው የሚከተሉት ናቸው፤ 1፣ 1፣ 36 ድምራቸው 38፤ 1፣ 2፣ 18 ድምራቸው 21፤ 1፣ 3፣ 12 ድምራቸው 16፤ 1፣ 4፣ 9 ድምራቸው 14፤ 1፣ 6፣ 6 ድምራቸው 13፤ 2፣ 2፣ 9 ድምራቸው 13፤ 2፣ 3፣ 6 ድምራቸው 11፤ 3፣ 3፣ 4 ድምራቸው 10።

አሁን ጠያቂው የቤቱን ቁጥር ካየ በኋላ «አሁንም አይበቃኝም» ማለቱን ልብ በሉ። ቁጥሩ 21 ወይም 16 ቢሆን ኖሮ ወዲያው ባወቀ ነበር። ያላወቀው ሁለት ጊዜ የሚገኝ ድምር ስላጋጠመው ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚገኘው ድምር ደግሞ 13 ብቻ ነው። ስለዚህ የቀሩት 1፣ 6፣ 6 እና 2፣ 2፣ 9 ናቸው። «ታላቁ ልጄ» የሚለው ቃል አንድ ታላቅ ልጅ ብቻ መኖሩን ያመለክታል ይባላል። ከሁለቱ መካከል አንድ ታላቅ ብቻ ያለው 2፣ 2፣ 9 ስለ ሆነ መልሱ እርሱ ነው ይባላል። የክራሩ ነገር ዐይን ለማዘናጋት የገባ ነው።

ይህን ጥያቄ ምንም ሳላስተካክል ሆን ብዬ በክፍል ውስጥ አቀርበው ነበር። በአንድ ወቅት ከኋላ የተቀመጠ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ እኔና እኅቴ መንታ ነን፤ ታላቋ ግን እኔ ነኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የልጁ ክርክር ግን ጠንካራ ነበር። የስድስት ዓመት መንታዎች ያሉት አባት ቀድሞ የተወለደውን «ታላቁ ልጄ» ቢለው ማን ይከለክለዋል? በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 የተጻፈውን የዔሳውንና የያዕቆብን ታሪክ የምታውቁ ትኖራላችሁ። ሁለቱ መንታ ነበሩ፤ በዓመት ቢቆጠር ዕድሜያቸው አንድ ነው። ሆኖም ብኩርናው የዔሳው ነበር፤ እርሱም በምስር ወጥ ለወጠው። እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች «እኩዮች ናችሁና ታላቅ የላችሁም» ቢባሉ ኖሮ ታሪኩ ራሱ ባልኖረም ነበር።

ከዚህም በላይ ለመከራከር መንታ መሆን እንኳ አያስፈልግም። አንድ ልጅ መስከረም 5 ቀን ተወለደ እንበል። ታናሹ በዚያው ዓመት ነሐሴ 10 ቀን ተወለደ። በመካከላቸው አሥራ አንድ ወር ያህል አለ። ሆኖም በየዓመቱ ከነሐሴ 10 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 4 ቀን ድረስ የሁለቱም ዕድሜ በሙሉ ዓመት ሲቆጠር እኩል ይሆናል። አባታቸው በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ቢጠየቅ «ሁለቱም 6 ዓመታቸው ነው» ሲል እውነት ይናገራል፤ «ታላቁ ልጄ ክራር ይመታል» ሲልም እውነት ይናገራል።

አሁን ነገሩን ከሰዋስው አንጻር እንየው። «ታላቅ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከአንድ ሰው መብለጥንም ከሁሉ መብለጥንም በአንድ ቅርጽ ይገልጻል። አምስት ወንድሞች ካሉኝና ሦስቱ ከእኔ በፊት ከተወለዱ፣ ሦስቱም ታላቆቼ ናቸው። ከሁሉ በፊት የተወለደውን ለመለየት «የሁሉ ታላቅ»፣ «የመጀመሪያ ልጅ» ወይም «በኩር» እላለሁ። በጥያቄው ውስጥ ታላቁን አንድ ብቻ ያደረገው በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው የእመርነት ምልክት ነው። ቅ ወደ ቁ ስትለወጥ «ታላቅ» የነበረው «ታላቁ» ሆነ፤ ሰሚውም «እንግዲያው አንድ ብቻ ነው» ብሎ ደመደመ። የመልሱ ሸክም ሁሉ በአንዲት ፊደል ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህች ምልክት ታላቁ አንድ መሆኑን ብትነግረንም በምን መለኪያ ታላቅ እንደሆነ አትነግረንም። በዓመት ቁጥር ነው? በወር ነው? ወይስ በደቂቃ?

ጥያቄውን ማስተካከል ከባድ ሥራ አይደለም። «ታላቁ ልጄ ክራር ይመታል» በሚለው ፈንታ «ከልጆቼ አንዱ በሙሉ ዓመት ሲቆጠር ሁለቱንም ይበልጣቸዋል፤ እርሱም ክራር ይመታል» ብንል መከራከሪያው ይዘጋል። ዐረፍተ ነገሩ ትንሽ ረዝሟል፤ ጣዕሙም በመጠኑ ቀንሷል። ነገር ግን የጥያቄው ዋና ውበት፣ ማለትም «አይበቃኝም» የሚለው ቃል ራሱ መረጃ መሆኑ፣ ምንም አልተነካም።

ሁለተኛው ምሳሌ «እጥፍ» የሚለውን ቃል የሚመለከት ነው። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመንፈቅ ዓመት ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣ። «የአባትየው ዕድሜ ከልጁ ዕድሜ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። አባትየው ስንት ዓመቱ ነው?» መምህሩ ያዘጋጀው መልስ 36 ነበር። አንዲት ተማሪ 48 ብላ ጻፈችና ስሕተት ተባለባት። ጥያቄው 2 ማርክ ይይዝ ነበር፤ የልጅቷ ድምር 49 ነበር፤ ማለፊያው ደግሞ 50 ነበር።

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንግግሯ ግን የተደራጀ ነበር። «ወንድሜ በ3 ዓመት ይበልጠኛል ስንል በእኔ ዕድሜ ላይ 3 ጨምሩ ማለታችን ነው። እንግዲያው በሦስት እጥፍ ይበልጣል ማለት በልጁ ዕድሜ ላይ የልጁን ዕድሜ ሦስት ጊዜ ጨምሩ ማለት ነው። 12 እና 36 ደግሞ 48 ነው። 36 እንዲሆን ከተፈለገ ሦስት እጥፍ ነው ይባል ነበር እንጂ ይበልጣል አይባልም ነበር» አለች። ባልደረባዬ በበኩሉ «ሰው ሁሉ በሦስት እጥፍ ይበልጣል ሲል በሦስት ማባዛቱ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ የሰው ልማድ ነው» ሲል መለሰላት።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከሁለቱ ማን እንደ ተሳሳተ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ልጅቷ የያዘችው የ«በ» ን አገባብ ነው። «ይበልጣል» ከሚለው ግሥ ጋር ሲገባ «በ» የልዩነቱን መጠን ያሳያል። በ5 ብር ይበልጣል፣ በአንድ ክንድ ይበልጣል፣ በሁለት ጣት ይበልጣል እንላለን። መምህሩ የያዘው ደግሞ የአነጋገር ልማድን ነው፤ ብዙ ሰው እንደ እርሱ እንደሚናገር አይካድም። ከመካከላችን አንድ አዛውንት መምህር አንድ ወረቀት አነሡና «እናንተስ ስለ እጥፍ ምን ታውቃላችሁ?» አሉ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ሲያጥፉት ሁለት ድርብ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ ሲያጥፉት አራት፤ ሦስት ጊዜ ሲያጥፉት ስምንት ሆነ። «እንደ ወረቀቱ ከሄድን የአባትየው ዕድሜ 96 ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ቃሉ «አጠፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ግን ያን ቀን ልብ ያላልን አልነበረንም። «እጥፍ» ብቻውን ሲነገር ሁለት ጊዜ ማለት እንደሆነ ሁሉም ይስማማል፤ ቁጥር ሲጨመርበት ግን ስምምነቱ መላላት ይጀምራል።

ባልደረባዬ በዚያ ቀን ምንም ሳይወስን ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጧት ሁሉንም ወረቀቶች ሰብስቦ 36 ለጻፉትም 48 ለጻፉትም ማርኩን ሰጠ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስንጠይቀው የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «ይህች ልጅ ማባዛትም መደመርም ታውቃለች። ያላወቀችው የእኔን ልብ ማንበብ ነው፤ እርሱን ደግሞ አላስተማርኋትም» አለ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ጥያቄ ላይ «የልጁ ዕድሜ በ3 ሲባዛ የአባትየውን ዕድሜ ይሰጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተተካ።

ሦስተኛ፣ ዕድሜ የሚቆጠርበት መንገድ ራሱ አንድ ብቻ አይደለም። በአነጋገራችን «9 ዓመት ሞላው» እና «ዘጠነኛ ዓመቱን ያዘ» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመት ፈጸመ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ስምንቱን ፈጽሞ ዘጠነኛውን ጀመረ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ዓመት ሊገባ ይችላል። በኮርያ የቆየው ልማድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ሕፃኑ በተወለደበት ቀን አንድ ዓመት ይባልለታል፤ ከዚያ በኋላ በልደቱ ቀን ሳይሆን በየዓመቱ መግቢያ ቀን አንድ ይጨመርለታል። በታኅሣሥ መጨረሻ ቀን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተወለደ ሕፃን በማግስቱ ሁለት ዓመት ይባል ነበር ማለት ነው። ይህ አቆጣጠር ብዙ ውዝግብ በማስከተሉ በደቡብ ኮርያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ በአስተዳደርና በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ከልደት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው ዕድሜ መለኪያ እንዲሆን ተደርጓል።

በእኛም ዘንድ የዘመን አቆጣጠር የራሱን ችግር ያመጣል። «ልጁ በ2000 ተወለደ» ብሎ የጻፈ ሰው ዓመተ ምሕረት ማለቱ ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የልደት ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ የዛሬውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር የያዘ ሰው ቢቀንስ፣ ገና ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ጐረምሳ ያደርገዋል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ቅጽ ሲሞላ ይህን ሁለት ፊደል ወይም ሦስት ፊደል መርሳቱ ምን ያህል መዘዝ እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅንም አስቡት። ይህች ቀን የምትገኘው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. 12 ዓመት ሞላው። የተወለደባት ቀን ግን ከተወለደ በኋላ የተመለሰችው በ2007፣ በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። «ስንት ዓመት ሞላው?» እና «የልደት ቀኑ ስንት ጊዜ ተመለሰ?» የሚሉት ጥያቄዎች ለሌሎች ልጆች አንድ መልስ አላቸው፤ ለዚህ ልጅ ግን 12 እና 3 ናቸው።

አራተኛው ምሳሌ እጅግ ጥንታዊ ነው። ዲዮፋንቶስ በአሌክሳንድርያ ይኖር የነበረና «አሪትሜቲካ» የተባለውን የሒሳብ መጽሐፍ የጻፈ ሊቅ ነው። ስለ ዕድሜው የሚጠይቅ አንድ ግጥም በግሪኮች የግጥም መድበል ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የጥያቄው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሰውየው የዕድሜውን አንድ ስድስተኛ በልጅነት አሳለፈ፤ አንድ ዐሥራ ሁለተኛው ሲጨመር ጢም አወጣ፤ አንድ ሰባተኛው ሲጨመር አገባ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ልጁ የአባቱን ዕድሜ ግማሽ ኖሮ ሞተ፤ አባትየውም በሐዘን 4 ዓመት ቈይቶ ዐረፈ።

የታወቀው መልስ 84 ነው። 14 ዓመት ልጅነት፣ 7 ዓመት እስከ ጢም፣ 12 ዓመት እስከ ጋብቻ፤ በ33 አገባ፤ በ38 ልጅ ወለደ፤ ልጁ 42 ዓመት ኖሮ ሲሞት አባትየው 80 ነበር፤ 4 ሲጨመር 84 ሆነ። ሒሳቡ እንከን የለውም። ነገር ግን «የአባቱን ዕድሜ ግማሽ» የሚለውን ሐረግ እንደገና አንብቡት። የትኛውን የአባት ዕድሜ ነው? አባትየው እስኪሞት ድረስ የኖረውን ሙሉ ዕድሜ ነው? ወይስ ልጁ በሞተበት ቀን አባትየው የነበረውን ዕድሜ? ሁለተኛውን ፍች የያዘ ሰው ፍጹም የተለየ መልስ ያገኛል፤ እርሱም 65 ዓመት ከ4 ወር ነው። በዚህ ፍች መሠረት አባትየው በ30 ዓመት ከ8 ወሩ ልጅ ወለደ፤ ልጁ 30 ዓመት ከ8 ወር ኖሮ ሲሞት አባትየው 61 ዓመት ከ4 ወር ነበር፤ ያም በትክክል የልጁ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ነው፤ 4 ዓመት ሲጨመር 65 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል። ብዙ ሰዎች 84ን የሚመርጡት ክፍልፋዮቹ ሁሉ ሙሉ ቁጥር ስለሚሰጡ ነው። ሙሉ ቁጥር መሆን እንዳለበት ግን በጥያቄው ውስጥ አልተነገረም። ሁለቱንም ስሌቶች በደብተራችሁ ላይ ሠርታችሁ አረጋግጡ።

እስካሁን ያየናቸው ምሳሌዎች ከባድ ጥያቄ ሁሉ አሻሚ ነው የሚል ስሜት እንዳያሳድሩባችሁ እፈራለሁ። ከባድነትና አሻሚነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ጋዜጦች አንባቢዎችን ብዙ ያከራከረ የዕድሜ ጥያቄ ነበር፤ ስሞቹን ለውጬ በአማርኛ ላቅርበው። «ማርታ ዛሬ 24 ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት ማርታ፣ ሐና ዛሬ ያላትን ዕድሜ የያዘችበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐና የነበራት ዕድሜ በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ሐና ዛሬ ስንት ዓመቷ ነው?» ይህ ጥያቄ ራስ ያዞራል፤ ፍቹ ግን አንድ ብቻ ነው። ሐና ዛሬ 18 ዓመቷ ነው። ማርታ 18 የነበረችው ከ6 ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ሐና 12 ነበረች፤ 12 በ2 ሲባዛ 24 ነው። ጥያቄው ከባድ ቢሆንም ሐቀኛ ነው። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ ስሞቹን ትቶ «እርሷ ዛሬ ያላትን ዕድሜ በያዘችበት ጊዜ እርሷ የነበራት ዕድሜ» ብሎ ቢጽፈው፣ የትኛዋ «እርሷ» እንደ ሆነች ማንም ሊለይ አይችልም። ያን ጊዜ የጥያቄው ከባድነት ከሐሳቡ ሳይሆን ከተውላጠ ስሙ የመጣ ይሆናል፤ ተማሪው ቢሳሳት የሚወቀሰው ጸሐፊው ነው።

ጥያቄ የሚያወጣ ሰው በራሱ ቃል ውስጥ ሁለተኛ ፍች እንዳለ ሲነገረው ምን ያድርግ? ስለዚህ ነገር አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ማርቲን ጋርድነር የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1959 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ልጆች አሉት፤ ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ምን ያህል ነው? የሰጠውም መልስ አንድ ሦስተኛ ነበር። ልጆቹን ከታላቅ ወደ ታናሽ ብንጽፋቸው ወንድና ወንድ፣ ወንድና ሴት፣ ሴትና ወንድ የሚሉ ሦስት እኩል ዕድል ያላቸው አማራጮች ይቀራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሁለት ወንዶችን የያዘ ነው። ይሁን እንጂ ወሬው እንዴት እንደ ተገኘ ጥያቄው አልተናገረም። ሰውየው ከሁለቱ ልጆቹ አንዱን በዕጣ መርጦ ጾታውን ነግሮን ከሆነ መልሱ ግማሽ ይሆናል። ጋርድነር ይህን በተረዳ ጊዜ ጥያቄው አሻሚ እንደ ነበረ በጽሑፍ አስታወቀ። በዚህም ስሙ አልጐደፈም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከታላላቆቹ የእንቆቅልሽ ጸሐፊዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ይህን ጥያቄ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ሌላ ወጥመድ እንደሚጨመርበት ልብ በሉ። «ከሁለቱ ልጆቼ አንዱ ወንድ ነው» ብሎ ለጐረቤቱ የሚናገር ሰው ሁለተኛዋ ሴት ናት ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ይረዳል። «ቢያንስ» የሚለው ቃል ካልገባ ጥያቄው ከመጀመሩ ያልቃል። እንዲሁም በእንግሊዝኛ የታላቁ ልጅ ጾታ ሳይገለጽ መሣሪያ ይጫወታል ማለት ይቻላል፤ በአማርኛ ግን «ይመታል» ካልን ወንድ፣ «ትመታለች» ካልን ሴት መሆኗን ግሡ ራሱ ይናገራል። አንድ ቋንቋ የሚደብቀውን ሌላው ይገልጠዋል። ስለዚህ ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ጥያቄ ቃል በቃል ሲተረጐም ትክክለኛነቱን ይዞ ይሻገራል ብሎ ማመን አይገባም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንወስደው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ጸሐፊ ስትሆኑ የታላቅነቱን መለኪያ፣ የብዜቱን መጠን፣ የዕድሜውን አቆጣጠር፣ የዘመኑን ዐይነት በቃል አስቀምጡ፤ በልባችሁ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል ብላችሁ አትተዉት። አንባቢ ስትሆኑ ደግሞ ሁለተኛ ፍች ማግኘታችሁን ከሥራ ለመሸሽ መሣሪያ አታድርጉት። በፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማችሁ «ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ ተረድቼዋለሁ» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉና በዚያ ፍች መሠረት ስሌቱን እስከ መጨረሻው ሥሩ። ያች ልጅ ለመከራከር የቻለችው 48ን እንዴት እንዳገኘች በግልጽ ለማሳየት በመቻሏ ነው።

አሁን ብዕራችሁን አንሡ። ስለ ሦስት ልጆች ዕድሜ የሚጠይቅ አንድ አጭር እንቆቅልሽ በራሳችሁ ቃላት ጻፉ፤ መልሱን በሌላ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከዚያም ጥያቄውን ብቻ፣ ያለ ምንም የቃል ማብራሪያ፣ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ጓደኛችሁ ስጡት። መልሱ ከእናንተ መልስ ጋር ካልተስማማ «ተሳስተሃል» ወይም «ተሳስተሻል» ከማለታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ዐረፍተ ነገር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት።